አርባ ሰባት ካርድና አንድ የሹራብ መርፌ

ቀናተኛ ሰው ሥራ ፈት ነው የሚል ቢኖር፣ ቀንቶ የማያውቅ ሰው ነው። እኔ እንደ ቀናሁበት ዓመት ጠንክሬ የሠራሁበት ጊዜ የለም። አንድ ሺህ ሰማንያ አንድ ጊዜ አስልቻለሁ፤ ያውም በእርሳስ፣ ያውም ማንም ሳያዘኝ። ይህን የማወራው እንድታዝኑልኝ አይደለም። የሚያዝንልኝ እንዳላጣሁ ወደ ኋላ ታያላችሁ።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ዘመን ማብቂያ ገደማ ነው። ከወልቂጤ ወደ ቡታጅራ ተዛውሬ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ተቀምጬ ነበር። ወልቂጤ ሦስት ዓመት ስኖር የምታውቀኝ የቤት አከራዬ ብቻ ነበረች፤ እሷም የምታውቀኝ በጫማዬ ድምፅ ነው። ስዛወር ሽኝት አልተደረገልኝም። አልተከፋሁም። የሰው መሄድ የሚታወቀው መጀመሪያ መምጣቱ ሲታወቅ ነው።

የቡታጅራው መዝገብ ቤት መስኮት ዋናውን መንገድ ያያል። ወደ ገበያ የሚሄደውም፣ ከእንሴኖ አውቶቡስ የሚወርደውም በመስኮቴ ሥር ያልፋል። ፊት ለፊት የተካ ሱቅ አለ። ተካ ጨርቅና ክር ይሸጣል ቢባል ተካን ማሳነስ ነው። ተካ ይስቃል፤ በመካከሉ ክር ይሸጣል። ሰውን ገና ከሩቅ በአባቱ ስም ይጠራል፣ የላሙን ጤና ይጠይቃል፣ የአንዱን እጅ እንደያዘ ሌላውን ሰላም ይላል። እኔ "ደህና ዋልክ" ለማለት ልቤን አሰናድቼ ስጨርስ ሰውየው ቤቱ ገብቶ እራቱን በልቷል።

በዚህ አልቀናሁም። ቢያንስ እንዳልቀናሁ ለራሴ ነግሬዋለሁ። የቀናሁት በብርነሽ ምክንያት ነው። ብርነሽ የአቶ ሃብቴ ልጅ ነች፤ ትምህርት ቤት ለሴቶች ልጆች የእጅ ሥራ ታስተምራለች። ከሥራ ስትመለስ በየቀኑ ተካ ሱቅ ትቆማለች፤ በየቀኑ ስል ከእሑድ በስተቀር ማለቴ ነው። ክር ልትገዛ ነው እንዳልል፣ ክር መግዛት ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ሰዓት ይዤ ነበር። ማክሰኞ ዘጠኝ ደቂቃ፣ ረቡዕ አሥራ አንድ፣ ሐሙስ ዝናብ ስለነበረ አሥራ ዘጠኝ። በአሥራ ዘጠኝ ደቂቃ የሚለካ ክር ቡታጅራን ከወልቂጤ ያስራል።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ ይህ ነው። እያወሩ ሳለ ብርነሽ አንዳንዴ ቀና ብላ ወደ መስኮቴ ታያለች። ተካ አንድ ነገር ይላታል። እሷ ከንፈሯን መጥጣ ራሷን ትነቀንቃለች። ሌላው ቀናተኛ የሚሳቅበት ይመስለዋል፤ እኔ የሚታዘንልኝ መሰለኝ። የሚሳቅበት ሰው ቢያንስ አንድ ነገር አድርጓል።

በዚያ ሰሞን በፖስታ የሚላክ ትምህርት እከታተል ነበር። ትምህርቱ ኮምፒዩተር ስለሚባለው ማሽን ነው። ማሽኑን አይቼው አላውቅም፤ አንድ ሰፊ ክፍል ይሞላል ይላል ጽሑፉ። ትምህርቱ ሰባት ክፍል ሲሆን የደረሱኝ ስድስቱ ናቸው። ሰባተኛው "ስሕተትን ስለ መፈለግ" የሚል ነበር፤ እሱ መንገድ ላይ ጠፋ። በመዝገበ ቃላት እየታገዝኩ እንግሊዝኛውን አንድ በአንድ ፈታሁትና የተረዳሁት ይህን ነው። ማሽኑ በራሱ ምንም አያውቅም፤ የሚያደርገውን ሁሉ በተራ በተራ ጽፎ የሚሰጠው ሰው ያስፈልገዋል። ያ ጽሑፍ ፕሮግራም ይባላል። እኔ ፕሮግራም መጻፍ ቻልኩ። ማሽን ስለሌለኝ ግን ማሽኑም እኔው ሆንኩ። ጠዋት ትእዛዙን እጽፋለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ምንም እንደማያውቅ ሆኜ ትእዛዙን እፈጽማለሁ። ሁለተኛው ሥራ ብዙም አልከበደኝም።

አምስተኛው ክፍል ውስጥ አንድ ምሳሌ አለ። ከተሞችን በክብ፣ መንገዶቻቸውን በመስመር ትሥላለህ፤ ከዚያ ከአንዱ ክብ ወደ ሌላው የሚወስደውን አጭር መንገድ ማሽኑ ይፈልግልሃል። እኔ በከተማ ፋንታ ሰው ባደርገውስ ብዬ አሰብኩ። ተካን ክብ አደረግሁት። ብርነሽን ክብ አደረግኋት። በሁለቱ መካከል መስመር ልሥል ስል እጄ እምቢ አለ። ግን ሳይንስ ነውና ሣልኩት። በቀጭኑ።

ከዚያ በመስኮቴ የሚታየውን ሰው ሁሉ ጨመርኩ። ደንቤ ጥብቅ ነበር። ራስ ነቅንቀው የተላለፉ ሰዎች መስመር አይገባቸውም። ቆመው፣ እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ቢያንስ ስለ ልጅ ወይም ስለ ከብት ወይም ስለ ዝናብ ከተጠያየቁ መስመር ይገባቸዋል። ስለ ዝናብ ብቻ ከሆነና ዝናቡ እየዘነበባቸው ከሆነ ግን አይቆጠርም። በሁለት ሳምንት አርባ ሰባት ክብ ሆነ፤ ወረቀቱም ከመስመሩ ብዛት የወፍ ጎጆ መሰለ።

የየሰዉን ልኬት ለማውጣት ዘዴ ፈጠርኩ። ከአርባ ሰባቱ ሁለት ሁለት ሰው አጣምራለሁ። ወሬ ከአንደኛው ወደ ሁለተኛው በአጭሩ መንገድ ቢሄድ በማን በኩል ያልፋል? ለዚያ በመካከል ላለው ሰው አንድ ነጥብ። እኩል የሆኑ ሁለት መንገዶች ካሉ ለየአንዳንዱ ግማሽ። ጥንዶቹ አንድ ሺህ ሰማንያ አንድ ናቸው። የአንድ ሰው ነጥብ ሲደመር "የመሐል ቁጥር" ይባላል፤ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ።

ቁጥር ማውጣት አንድ ነገር ነው፤ በተፈለገ ጊዜ እንዲገኝ አድርጎ ማኖር ሌላ። ለየሰዉ ከስኳር ካርቶን እኩል ካርድ ቆረጥኩለት። በላይኛው ጠርዝ፣ በመሥሪያ ቤቱ ወረቀት መብሻ፣ አሥር ቀዳዳ በተርታ በሳሁ። እያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ጥያቄ ነው። አንደኛው "ቁጥሩ ከመቶ ይበልጣል?" ነው፤ ሰባተኛው "ከብርነሽ ጋር ቀጥታ መስመር አለው?" መልሱ አዎ ከሆነ ቀዳዳውን እስከ ጠርዙ በመቀስ እከፍተዋለሁ። ካርዶቹን ደርድሬ በአንዱ ቀዳዳ ረጅም መርፌ አሳልፌ ሳነሳ አዎ ያሉት ይወድቃሉ፣ አይደለም ያሉት ተንጠልጥለው ይቀራሉ። ሁሉም ተዘጋጀ፤ የጎደለው መርፌው ብቻ ነው። እንዲያ ያለ ረጅም መርፌ የሹራብ መርፌ ነው። የሹራብ መርፌ ያላት ደግሞ ማን እንደሆነች ገምታችኋል።

ሦስት ቀን ንግግሬን አጠናሁ። ዓርብ ከሰዓት ትምህርት ቤት ስደርስ ብርነሽ ክፍሏ በር ላይ ቆማ ክር ትጠቀልል ነበር።

"ደህና ዋሉ አንድ የሹራብ መርፌ ያውሱኛል አንድ ይበቃኛል" አልኩ፣ በአንድ ትንፋሽ።

የክሩ ድቡልቡል ከእጇ ወድቆ እስከ እግሬ ተንከባለለ።

"እንዴ! አንተ... እርስዎ ይናገራሉ?" አለች።

ይህ ምን የሚሉት ጥያቄ ነው? የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ብሆንም ሰው ነኝ። "ለምን አልናገርም?" አልኩ ተቆጥቼ።

"አይ፣ ደስ ብሎኝ ነው" አለችና ገብታ መርፌውን አመጣችልኝ። "በአንድ መርፌ ግን ሹራብ አይሠራም።"

"ለሹራብ አይደለም።"

"ታዲያ ለምን ነው?"

እናንተ ብትሆኑ ምን ትላላችሁ? "ለመዝገብ ነው" ብዬ ሮጥኩ።

ቤቴ ገብቼ መርፌውን በሰባተኛው ቀዳዳ አሳለፍኩ። የተካ ካርድ ቀድሞ ወደቀ። ካርዶቹን ገልብጬ ደረደርኩ፤ ቀድሞ ወደቀ። ከመጨረሻ አደረግሁት፤ ቀድሞ ወደቀ። የዚህ ሰው ካርቶኑ እንኳ ወደ እሷ ይቸኩላል!

ቁጥሮቹን ሁሉም ካርድ ሳይደረደር ማነጻጸር በደንቤ ክልክል ስለነበር፣ ማን አንደኛ እንደሆነ ያወቅሁት ያን ቀን ነው። ተካ አልነበረም! አንደኛው የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ጋሽ ሸምሱ ነበሩ፤ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ተኩል። ተካ ሁለተኛ፤ መቶ ሰማንያ። ቅዳሜንና እሑድን እንዴት ባለ ደስታ እንዳሳለፍኩ! ራሴ አንደኛ ብሆን እንዲያ አልደሰትም። ቀናተኛ የራሱ ድግስ አያጠግበውም፤ የሚያጠግበው የጎረቤቱ ወጥ ሲያር ነው።

ሰኞ ግን ብርነሽ ተካ ሱቅ ሃያ ስድስት ደቂቃ ቆመች። እጇን እያወናጨፈች፣ ፊቷ ግሎ፣ አንዴም እግሯን እየመታች ታወራዋለች። እንዲህ በሙቀት የሚወራ ነገር የሠርግ ቀን ቢሆን ነው አልኩ። ስለዚህ ተካ ሽማግሌ ሳይልክ መቅደም አለብኝ። ሽማግሌ ደግሞ ከዘመድ፣ ከጎረቤት፣ ከሚያውቅ ሰው ይመረጣል። እኔን የሚያውቅ የለም። ግድ የለም፣ ሌላው ዘመዱን ይልካል፤ እኔ አንደኛውን ቁጥር እልካለሁ።

ወፍጮ ቤት ስገባ ሞተሩ ያጓራል፣ መሬቱ ይንቀጠቀጣል፣ ሃያ የሚሆኑ ሴቶች ከጋሽ ሸምሱ ኋላ እህላቸውን ይዘው ተራ ይጠብቃሉ። በዚህ ጩኸት ምስጢር ቢወራ ማን ይሰማል? ወደ ጆሯቸው ልጠጋ ስል ጋሽ ሸምሱ ገፋ አድርገውኝ በጣታቸው ከንፈራቸውን ነኩ፤ ፊት ለፊት ሆነህ ተናገር ማለታቸው ነው። ተናገርኩ።

"ጋሽ ሸምሱ! የአቶ ሃብቴን ልጅ ብርነሽን ማግባት እፈልጋለሁ! እሑድ ሽማግሌ ይሁኑኝ! ተካ እንዳይሰማ!"

አንድ ነገር ልብ አላልኩም። ወፍጮ ቤት ተራ ሲጠብቁ የኖሩ ሴቶች በዚያ ጩኸት ለዓመታት የተነጋገሩት በጆሮ አይደለም፤ በከንፈር ነው። ቀና ስል ሃያ ሴት ከንፈሬን ታያለች። ከዳር ያለችው ድምፅ ሳታወጣ ከንፈሯን ብቻ እያንቀሳቀሰች "ተካ እንዳይሰማ" ብላ ለጎረቤቷ ነገረቻት። ያቺን እኔም አነበብኳት።

ጋሽ ሸምሱ ወደ ውጭ አወጡኝ። "ከዚህ ሁሉ ሰው ለምን እኔን አልክ?"

ካርዳቸውን ሰጠኋቸው። "ቁጥርዎ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ተኩል ነው። የከተማው ወሬ ሁሉ የሚያልፈው በእርስዎ በኩል ነው።"

"ወላሂ፣ ሚስቴም ይህንኑ ትለኛለች" አሉና ካርዱን አገላብጠው ኪሳቸው ከተቱ። "እሺ ልጄ፣ እሑድ እሄዳለሁ።"

ከወፍጮ ቤት እስከ መሥሪያ ቤቴ ስምንት መቶ ሠላሳ እርምጃ ነው። ስደርስ ተካ ሱቁን ዘግቶ ሄዷል። ተካ በሥራ ቀን ሱቅ ዘግቶ አያውቅም።

እሑድ ደረሰ። ሽማግሌ የላከ ወጣት በዚያ ቤት አካባቢ ቢታይ ነውር ነው። ስለዚህ ላለመታየት የአቶ ሃብቴ ጓሮ እንሰት ውስጥ ገባሁ። የእንሰት ቅጠል በሬ ይደብቃል። ሦስተኛውን እንሰት አልፌ ቁጭ ልል ስል ሰው ረገጥኩ።

"ቀስ በል! ጫማዬ አዲስ ነው" አለ ተካ።

"ምን ታደርጋለህ እዚህ?"

"አንተ የምታደርገውን።"

"ሽማግሌህ ማን ነው?"

"ጋሽ ሸምሱ።"

"የእኔ ናቸው'ኮ!"

"የእኔም ናቸው። ሰው እምቢ ማለት አይችሉም። ዝም በል አሁን፣ ገቡ።"

ጋሽ ሸምሱ ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር በሩ ላይ ቆመው ነበር። አቶ ሃብቴ "ግቡ፣ ተቀመጡ" አሉ።

"መልስ ሳናገኝ አንቀመጥም፤ ልጅህን ለልጃችን ብለን መጥተናል" አሉ ጋሽ ሸምሱ።

"ለየትኛው ልጃችሁ?"

"ለሁለት ነው" አሉ ጋሽ ሸምሱ።

"ሸምሱ፣ ያለችኝ አንድ ልጅ ነች።"

"መች አጣሁት? ወላሂ እኔም ጨንቆኛል። ሁለቱም ለመኑኝ። አንዱን ይዤ አንዱን ብተው ነገ በምን ዓይኔ አየዋለሁ? ሃብቴ ይምረጥ ብዬ ሁለቱንም ይዤ መጣሁ።"

"እነማን ናቸው?"

"አንዱ ባለ ሱቁ ተካ ነው።"

"አውቀዋለሁ። ሌላውስ?"

"ያ በመስኮት እያየ የሚጽፈን ልጅ።"

"ያ ጆሮ ጠቢ?"

ለካ ከተማው የሚያውቀኝ በዚህ ነው! እኔ ማንም አያየኝም ብዬ ስጽፍ ሰዉ የመንግሥት ጆሮ ነው ብሎ ደምድሟል። ተካ አፉን በእንሰት ቅጠል አፍኖ ይንፈቀፈቃል።

"ጆሮ ጠቢ አይደለም። ቁጥር ነው የሚጽፈው" አሉ ጋሽ ሸምሱ፣ ኪሳቸውን እየዳበሱ። "ይኸው የእኔ። ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ተኩል ነኝ።"

ሁሉም አንገታቸውን አስግገው ካርዱን አዩት። ከዚያ አቶ ሃብቴ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው "የእኔስ ስንት ነው?" አሉ።

"እሱን የሚያውቀው ልጁ ነው።"

"ልጁ የት አለ?"

እዚህ ላይ ተካ በእግሩ ገፋኝ። ከእንሰቱ በእጄና በጉልበቴ እየዳህኩ ወጣሁ።

አቶ ሃብቴ ከእንሰታቸው ሰው መውጣቱ አላስደነቃቸውም። "ና እስቲ። ስንት ነኝ?" አሉ።

ሌላ ሰው ቢሆን ይዋሽ ነበር። ብርነሽን ማግኘትና ማጣት በእጄ ነው፤ አንድ ቁጥር ከፍ ባደርግ ምን ነበረበት? ነገር ግን እኔ ለሁለት ወር ማሽን ነበርኩ። "ሦስት ተኩል" አልኩ።

"ሸምሱ ሁለት መቶ፣ እኔ ሦስት?"

"ሦስት ተኩል" አልኩ።

"መንገደኛ ሳይበላ የማያልፈው የእኔ ቤት! የእኔ!"

"ጌታዬ፣ ቁጥሩ የክብር አይደለም። ወሬ እርስዎ ዘንድ ይደርሳል፤ ከእርስዎ አልፎ ግን አይሄድም ማለት ነው።"

አቶ ሃብቴ አሰቡ። "ምስጢር ይጠብቃል ማለት ነው?"

"አዎ።"

"እንዲያ በላ!" አሉና ተደላድለው ተቀመጡ።

ጋሽ ሸምሱ ካርዳቸውን ትክ ብለው አዩት። "ታዲያ የእኔ ሁለት መቶ ምን ማለት ነው?"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። ዝም አልኩ። ዝም ማለት መቻሌ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠቀመኝ ያን ቀን ነው። ከጓዳ የብርነሽ ሳቅ ተሰማ።

አቶ ሃብቴ ፈረዱ። "አንተ ልጅ፣ ሰውን ሰላም ሳትል ጽፈኸዋል። ይህ ነውር ነው። እያንዳንዱን ካርድ በእጅህ ለባለቤቱ ትመልሳለህ፤ ቁጭ ብለህ፣ ደህንነቱን ጠይቀህ። ከዛሬ ሁለት ሳምንት ለሸምሱ መልስ እሰጣለሁ። እስከዚያ ልጄን እጠይቃታለሁ። አንተም ተካ፣ ከእንሰቱ ውጣ፤ ጫማህ ይታያል።"

የጋሽ ሸምሱ እጃቸው ላይ ስለነበር የቀረው አርባ ስድስት ነው። ቅናት የእኔ ብቻ ሕመም ይመስለኝ ነበር፤ ካርድ ማደል ስጀምር ከተማውን ሁሉ አስያዝኩት። ፀጉር አስተካካዩ የእሱን ካርድ ከመስታወቱ በላይ ሰቀለ። ሁለት ጎረቤታሞች በግማሽ ነጥብ ተኳረፉ። አንዲት እናት ልጄን በጥር እድራለሁና ከሠርጉ በኋላ እንደገና ቁጠረኝ አሉ። በመስኮቴ ሥር ሰው ሁሉ እጅ ለእጅ ተያይዞ የከብት ጤና ይጠያየቅ ጀመር፤ ከብት የሌለው ጭምር። እኔም በየቤቱ ቁጭ እያልኩ ስለ ልጅ፣ ስለ ከብትና ስለ ዝናብ ጠየቅሁ። መጀመሪያ ላይ ጥያቄዎቹን በወረቀት ይዤ ነበር። ሃያኛው ቤት ላይ ወረቀቱ ጠፋብኝ፤ ሃያ አንደኛውን ቤት ጨርሼ እስክወጣ ድረስ መጥፋቱን ልብ አላልኩም።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሁለት ካርድ ብቻ ቀረኝ። የተካን ሱቁ ወሰድኩለት።

"መቶ ሰማንያ" አልኩ፣ ሁለተኛ መሆኑን እንዲያስተውል ቀስ ብዬ።

ተካ ካርዱን ተቀብሎ አልሳቀም። "ይህቺ ልጅ በየቀኑ እዚህ ቆማ ምን የምትጠይቀኝ ይመስልሃል?"

"ክር?"

"ያ መስኮት ላይ ያለው ልጅ ማን ነው፣ ከየት መጣ፣ ለምን ከሰው አይነጋገርም ነው የምትለኝ።"

"አንተስ ምን አልካት?"

ወደ ጨርቁ ዞሮ ማጠፍ ጀመረ። "ዲዳ ነው አልኳት።"

"ዲዳ!"

"ምን ላድርግ? እኔ ቀኑን ሙሉ እስቅላታለሁ፤ እሷ የምታየው የአንተን መስኮት ነው። ቀናሁ። ሁለት ወር ሙሉ አምናኝ አዘነችልህ። ከዚያ መርፌ ልትዋስ ሄድክ፤ ሰኞ ዕለት መጥታ እዚሁ ቆማ ሰደበችኝ። ስንት ሰዓት እንደፈጀች እንጃ።"

"ሃያ ስድስት ደቂቃ" አልኩ።

ልምታው ወይስ ልሳመው አልቆረጥኩም። ደስ ሊለኝ ሲገባ እንደገና ቀናሁ። የእኔ የራሴ ወሬ እንኳ ወደ ብርነሽ ሲሄድ የኖረው በዚህ ሰው በኩል ነው!

የመጨረሻውን ካርድና መርፌውን ይዤ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ብርነሽ ካርዷን አየች። ካርቶኑ በላጲስ ከመፋቁ የተነሳ ሊበሳ ደርሷል።

"ይህ ሁሉ ምንድን ነው?"

"ቁጥርሽ ነው። አሥራ አንድ ጊዜ አስልቼው አሥራ አንድ የተለያየ መልስ ሰጠኝ።" አንቺ ማለቴን ያወቅሁት ካልኩ በኋላ ነው።

"ስሌትህ ስሕተት አለበት ማለት ነዋ።"

"ስሌቱ ትክክል ነው። የተበላሸው ማሽኑ ነው።"

"ማሽኑ ምን ሆኖ?"

ማሽኑ ላብ በላብ ሆነ። "ቀንቶ" አለ።

ብርነሽ አልሳቀችም። ካርዱን ገልብጣ ባዶውን ጀርባ አየች። "የአንተ ካርድስ የት አለ?"

"የለኝም። በመስኮቱ እኔ አልታይም።"

"እኔ ሳይህ ነበር የከረምኩት" አለች። ከዚያ እንደ አስተማሪ ኮስተር ብላ፣ "አባቴ ጠይቆኝ መልሴን ነግሬዋለሁ። ጋሽ ሸምሱ እሑድ ሲመጡ በአንድ ልጅ ብቻ እንዲመጡ ልኮባቸዋል።"

"በየትኛው?"

"በዲዳው" አለች። "አንድ ነገር ግን ስማ። ከእንግዲህ ስለ አንተ ማወቅ ስፈልግ የምጠይቀው ራስህን ነው።"

ሌላ ሰው ቢሆን እዚያው ይቆም ነበር። እኔ ግን ያቺ ቃል ከጆሮዬ ሳትወጣ አንድ ነገር ታየኝ። የእኔና የብርነሽ መስመር ከእንግዲህ በተካ በኩል ካላለፈ፣ እኔም አርባ ስምንተኛ ክብ ሆኜ ከገባሁ፣ የተካ ቁጥር ከመቶ ሰማንያ መውረዱ አይቀርም። በስንት? ተሰናብቻት ላሰላ ወደ ቤቴ ከነፍኩ። በሩን ስከፍት ጠረጴዛው ባዶ ነው። ካርዶቹ በየባለቤታቸው እጅ፣ መርፌው በእሷ እጅ።

መርፌውን ደግሜ ልዋስ ተመልሼ ወጣሁ። መንገድ ላይ ስድስት ሰው ሰላም አልኩ፤ አራቱን እጅ ለእጅ። ከቤቴ ወደ ብርነሽ የሚወስደው አጭሩ መንገድ በተካ ሱቅ ደጃፍ ያልፋል። እኔ በገበያው ዞሬ ሄድኩ።